ካልኩለሱን የተውኩበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ባሕሩስ መርከቡስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ልጅሽ ሬንሶ አራት ጥርስ አብቅሎ ያገኘውን ጣት ሁሉ ይነክሳል።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ የምናዘዘው አለኝ። ጎረቤታችን ዶኛ ቼሎ ሬንሶን ከማለዳ ጀምሮ ይይዙታል ያልንሽ ውሸት ነው። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሂዩስተን ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እማዬ ጎህ ሳይቀድ የትምህርት ቤት አውቶቡሷን ልትነዳ ትወጣለች፤ የሕፃናት ማቆያው ደግሞ የሚከፍተው ረፈድ ሲል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬን የሂሳብ ትምህርት፣ ካልኩለሱን፣ ተውኩት። ያኔ ብነግርሽ ከመርከቡ ዘለሽ እየዋኘሽ ትመጪ ነበር፤ አውቅሻለሁ።

ችግሩ፣ ኮሌጁ ከገና በፊት የተቀበለኝ ማመልከቻዬ ላይ ካልኩለስ እንደምወስድ ጽፌ ነው። የተቀበሉኝ ደብዳቤ ግርጌ ደግሞ በመጨረሻው ዓመት ትምህርትሽ ላይ ለውጥ ካለ አሳውቂን፣ ውሳኔያችንን እንደገና ልናየው እንችላለን ይላል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሚስ ቪያሬያል፣ "ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ ውጤትሽ ሲላክ ራሳቸው ቢደርሱበት ይብስብሻል" አለችኝ። እማዬ፣ "ማን ጠየቀሽና ነው የምትቀባጥሪው?" ብላ ተቆጣች። አጎታችን ቻኖም፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝ። የእሱ አፍ መቼ ዝም ብሎ እንደሚያውቅ እንጃ!

ፈራሁ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ ተመራቂው ሁሉ የሚሄድበትን ኮሌጅ ካኔቴራ ለብሶ የሚመጣበት ቀን ተቃረበ፤ አንቺ የባሕር ኃይሉን ለብሰሽ እማዬን ያስለቀስሽበት ቀን። እማዬ ሳትጠይቀኝ ለቤተሰቡ በሙሉ የኮሌጄን ካኔቴራ አዘዘች። የቻኖ ቦርጭ ላይ የኮሌጁ ስም ተለጥጦ፣ ሬንሶ ደግሞ እስከ እግሩ የሚደርሰውን ለብሶ ሲንገዳገድ ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ካኔቴራዎቹን ቆጠርኩ። ቦታውን ካጣሁ ይህን ሁሉ ካኔቴራ ማን ያወልቃል? ወዲያው ተነስቼ አንዳች ሳልደብቅ ጻፍኩላቸው።

ዘጠኝ ቀን ምንም የለም። በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሬንሶን ገንፎ ሳበላ ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ሃሎራን የሚባል የኮሌጁ ሰው ነው። ኮስተር ብሎ ስለ ካልኩለሱ ሲጀምር ሬንሶ ሳህኑን ወርውሮ እሪ አለ። "ይቅርታ ጌታዬ" አልኩ።

"ለውጡ እሱ ነው?" አለኝ።

"አዎ፤ ዓመት ሊሞላው ነው" አልኩት።

ሰውዬው በሳቅ ፈረሰ። "ቦታሽ አልተነካም። ሂሳቡን እዚህ መጥተሽ በመጀመሪያው መንፈቅ ትወስጃለሽ። ደብቀሽን ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለኝ።

ጮኽኩ፤ ሬንሶም አብሮኝ ጮኸ። እማዬ ከሥራ ስትገባ ሰው የሞተ መስሏት ቁልፏን ጣለች። ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ፣ "ጻፊላቸው ብዬሽ አልነበር?" ብላ አረፈችው! ቻኖ ያን ካኔቴራ ለብሶ ቅዳሴ ሳይቀር ሄዷል።

በእኔ ምክንያት ብለሽ እንዳትጸጸቺ። ከሬንሶ ጋር ያሳለፍኳቸውን ማለዳዎች በየትኛውም ካልኩለስ አልለውጣቸውም።

ሬንሶ መናገር ጀመረ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለኮሌጁ ሁሉን ተናግሬያለሁ፤ ለዚህኛው ጥያቄሽ ግን መልሴ "ገና ነው" የሚል ነው። በየማለዳው ፎቶሽን ይዤ፣ "እማማ ይቺ ናት፤ እኔ አይደለሁም" እያልኩ አስጠናዋለሁ። ስትመለሺ ያን ቃል ላንቺ ይለዋል።

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ማርያም ባሕሩን ታለዝብልሽ፤ በሰላም ለልጅሽ ታብቃሽ።

ታናሽ እህትሽ፣ የሬንሶ አክስት