የኦምዱርማን ጉብታዎች

ረቡዕ

ጧፍ አይሆንም። ዛሬ በአፍንጫዬ ተማርኩት።

የስኪ፣ የዚያ የበረዶ መንሸራተቻ እንጨት፣ ሥሩ ሰም ይቀባል ሲባል ሰማሁ። ሰም ሲባል የእኔ ጭንቅላት ከጧፍ ሌላ ምን ያውቃል? ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የገዛሁትን አንድ እስር ጧፍ አሟጥጬ ፈተግሁበት። ክፍሌ መቅደስ መቅደስ ሸተተ። ከኦምዱርማን ማዶ፣ የአሸዋው ኮረብታ ጫፍ ላይ ስደርስ ፀሐይ አገኘችው። የንብ ሰም ደግሞ ሲሞቅ ይጣበቃል። አሸዋው ሥሩ ላይ ተለጠፈ፤ ስኪው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔ ግን መንገዴን ቀጠልኩ። በግንባሬ።

አም ኢድሪስ ከአምጃዳቸው ጥላ ሥር ሆነው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አም ማለት አጎት ነው፤ ያቺን ትንሽ መኪና እየነዱ የጥገና ዕቃዬን የሚያመላልሱልኝ እሳቸው ናቸው። «ወላሂ ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ እንጨት ተጫምቶ አሸዋ ላይ የሚወርድ ሐበሻ ሳላይ ልሞት ነበር!» አሉ።

ስኪውን ያገኘሁት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። አገሩ የገባ አንድ ፈረንጅ የተወው መሆን አለበት። ሻጩ ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «ለመደርደሪያ የሚሆን ጠንካራ ጣውላ» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ጫማው ይሰፋኛል፤ ካልሲ ደራርቤ እሞላዋለሁ። ከምርኩዞቹ አንዱ ጎብጧል።

ለምን እንደምለፋ ለራሴም ቢሆን ልጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ስዊስ እሄዳለሁ። ቪዛው ተመታ፣ ትኬቱ ተቆረጠ። ልጄን ናሆምን ላየው ነው። እናቱ ሰብለ ከዚህ ይዛው ስትሄድ የወተት ጥርሶቹ ገና እየወለቁ ነበር። አሁን ከእኔ ይረዝማል አሉ። በዓለም ላይ የሚወደው አንድ ነገር ቢኖር በረዶው ጉብታ ጉብታ በሆነበት ቁልቁለት መውረድ ነው። የላከልኝን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት! ጉልበቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ጭንቅላቱ ግን አይነቃነቅም።

እንደምመጣ ስነግረው «ጥሩ ነው ባባ፣ ከታች ሆነህ ታየኛለህ» አለ። ክፋት የለበትም። ግን እነዚህን ሁሉ ዓመታት ልጄን ከሩቅ ነው ያየሁት። እዚያ ደርሼም ከሩቅ ላየው አልፈልግም። አብሬው ልወርድ እፈልጋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ። ለእሱ አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ሥራ የለም። የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ በካርቱም የብርድ ወራት ማን ያስታውሰዋል? ሰሜኑ ነፋስ በነፃ ያቀዘቅዝላቸዋል።

ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ተለማመድኩ። ከለስላሳ መጠጥ ሣጥን ላይ መዝለል፣ በጉልበት መቀበል፣ እንደገና መውጣት። ከእኔ ሥር የሚኖሩት እትዬ ዘነበች በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ደበደቡ።

«ጌታሁን! ኧረ ቤቱን በላዬ ናድክብኝ! ምን እየወቀጥክ ነው?»

«ስፖርት ነው፣ እትዬ!»

«በጾም? ኻላስ፣ በቃ፣ ሚስት አግባና እረፍ!»

ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ቤቱ ጭር አለ። ሰው ሳጃና ሰፈር ውስጥ እየኖረ ብቸኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? በየበሩ አበሻ ነው፤ በየካፌው አማርኛ ነው። ግን ማታ በሬን ስዘጋ የሚጠራኝ የለም። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ለናሆም ደወልኩ። የዛሬው ወሬያችን ይኸውና፣ አንድም አልቀነስኩም፦

ደህና ነህ? ደህና።
ትምህርት? ደህና።
ብርድ አለ? አለ።
እናትህ? ደህና ናት።
በል በርታ። እሺ ባባ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እዚያ ሄጄም ይህንኑ ብንደግመውስ? ፊት ለፊት ተቀምጠን «ብርድ አለ?» «አለ»? ከመውደቁ ይልቅ ይኼ ያስፈራኛል።

ዓርብ

ወረድኩ! ወረድኩ! ወረድኩ!

በጠዋት ድልድዩን ስንሻገር መንገዱ ባዶ ነበር። አም ኢድሪስ አካፋና ውኃ የሞላ ጀሪካን ጭነዋል። የዓርብ ሶላታቸው ሳይደርስ እንድንመለስ ቃል አስገቡኝ። ቁልቁለቱ ላይ አሸዋ ቆልለን፣ ውኃ አርከፍክፈን፣ በአካፋ ጀርባ መትተን ጉብታ ሠራን። እሳቸው መቃብር ይመስላል ብለው «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ግን ከእኔ የተሻለ ጉብታ የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ሥሩን በሱቅ ሻማ ቀባሁት። መብራት ስለሚጠፋ በየዱካኑ ሞልቷል። ይኼኛው ይንሸራተታል! አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው፦ የስኪው አፍንጫ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፣ እኔም ተከትዬው። ብዙ አሸዋ ከቃምኩ በኋላ ዘዴው ገባኝ። ወደ ኋላ መቀመጥ ነው። ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቂጤን ዝቅ ሳደርግ አፍንጫው ቀና አለና ሄደ። የመጀመሪያውን ጉብታ አለፍኩ። ሁለተኛውን አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ጮህኩ፣ ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ቆሜ ነው የጨረስኩት።

«ማሻአላህ ያ ዙል!» ብለው አም ኢድሪስ አቀፉኝ። በስልኬ ቀርጸውኛል። ግማሹ ጣታቸው ነው፣ ግማሹ ግን እኔ ነኝ።

ምስጢሩን መያዝ አቃተኝ። አላስቻለኝም። ኔትዎርክ እንዳገኘሁ ቪዲዮውን ለናሆም ላክሁለት። «ባባ እየተዘጋጀ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

ቅዳሜ

አይቶታል። ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። መልስ የለም።

ቡሪ ሰፈር አንድ ቤት ማቀዝቀዣ ስጠግን ዋልኩ። ስልኬን መሣሪያ ሣጥኑ ላይ አቁሜ በአንድ ዓይኔ እሱን፣ በሌላው ሽቦውን። ሽቦውን አገላብጬ አሰርኩት፤ እንደገና ፈታሁት። የቤቱ እመቤት «ታምመሃል እንዴ?» አሉኝ። ትንሽ፣ አልኳቸው።

አመሻሽ ላይ የደወለችው ሰብለ ናት።

«ጌታሁን፣ ቪዲዮውን አየሁት» አለች። «እሱ አላሳየኝም። ደጋግሞ ሲያየው ከጀርባው ቆሜ ነው ያየሁት።»

«ሳቀ?»

«አልሳቀም። ክፍሉን ዘግቶ ቁጭ ብሏል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አትቀየመኝ» አለች። «እዚያ አብረውት የሚወርዱ ጓደኞች አሉት። በዚህ ዕድሜ ልጅ በትንሽ ነገር ያፍራል። ታች ደስ የሚል ካፌ አለ። እዚያ ሻይህን እየጠጣህ ጠብቀው። እባክህ።»

ክፋት የላትም፤ ልጇን አስባ ነው። እሺ አልኳት። ስኪውን አልጋ ሥር ከተትኩት። ምን ነካኝ? ሸበቶ ሰው፣ አሸዋ ላይ እየዘለልኩ፣ ደግሞ እየጮህኩ! ልጁን አሳፈርኩት። ገና ሳልደርስ አሳፈርኩት። ትኬቱን ልተወው እንዴ ብዬም አስቤአለሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ አልቅሻለሁም።

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ስልኬን ከፈትኩ። ናሆም።

መጀመሪያ ፎቶ ነው፦ እኔ አሸዋው ላይ፣ ከትከሻዬ እስከ ተረከዜ ቀይ መስመር ተሰምሮብኛል። ቀጥሎ በድምፁ የቀዳው መልእክት። ረጅም! ከእሱ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ እንዳይጠፋብኝ፦

«ባባ፣ ይቅርታ፣ ትናንት አልመለስኩም። ቃል እየፈለግኩ ነበር። ስኪ በአማርኛ ከባድ ነው። እይ፣ አንተ ቁጭ ብለሃል። ወደ ኋላ ነህ። በረዶ ላይ ወደ ኋላ ከሆንክ ጉብታው ይወረውርሃል። ወደ ፊት ሁን። ያ የእግር አጥንት፣ ፊት ያለው፣ ስሙን አላገኘሁም፣ እሱ ጫማውን ይግፋ። እጅህ ሁልጊዜ ይታይህ። ያለህበትን ጉብታ አትይ፤ የሚመጣውን እይ። ጉብታው ሲመጣ ጉልበትህን ወደ ላይ አምጣ፤ ሲያልፍ እግርህን ዘርጋ፣ ስኪው መሬቱን አይልቀቅ። ግን ባባ፣ ጥሩ ነው። አልወደቅክም።»

ደወልኩለት። «ቅልጥም ነው የሚባለው» አልኩት። «ቅልጥም» አለ፣ ደጋገመው፣ በቃሉ ሳቀ። አሸዋ ላይ ወደ ፊት ካልኩ እንደምቀበር አስረዳሁት። አላወቀም ነበር። እኔም በረዶውን አላውቀው። ይኸው ከኦምዱርማን ሰው በስተቀር ማንም የማይሠራውን ስህተት ሰውነቴን በደንብ አስተምሬዋለሁ! ብርዱንም ትምህርቱንም ሳንጠያየቅ ካርዴ አለቀ።

ነገ እሞክረዋለሁ። ወደ ፊት።

ሰኞ

ወደ ፊት ማለት መውደቅ ማለት ነው።

አም ኢድሪስ ዳገቱ ይበልጥ ከቆመበት በኩል እንሞክር አሉ፤ ልክ ነበሩ፣ እዚያ አፍንጫው ቶሎ አይቀበርም። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅኩ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ቅልጥሜ ጫማውን ሲገፋው ተሰማኝ፤ ጉብታው ከሥሬ መጣና ጉልበቴ ዋጠው። ጭንቅላቴ አልተነቃነቀም። ገባኝ። በደስታ የሚቀጥለውን ማየት ረሳሁ፤ አንዱ እግሬ ሄደ፣ ሌላው ቀረ።

አም ኢድሪስ ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱን ሁሉ አልሳቁም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ቤት ስንደርስ እትዬ ዘነበች እየተቆጡ ጉልበቴን በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። አልተሰበረም፤ ግን ቆሎ እንደሞላ ከረጢት አብጧል። ሐሙስ ነው የምበርረው። ስኪ የሚባል ነገር የለም።

ለናሆም ልደብቀው አሰብኩ። ከዚያ ነገርኩት።

«ስለዚህ ካፌው ውስጥ ነው የምቀመጠው» አልኩ፣ ቀለል አድርጌ። «አንተ ከጓደኞችህ ጋር ውረድ። እኔ አይሃለሁ።»

«የትኞቹ ጓደኞች?»

«እናትህ ነገረችኝ፣ አብረውህ የሚወርዱት።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ባባ፣ እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለ። «ሁልጊዜ። ስልኩን በረዶ ላይ ተክዬ ነው የምቀረጸው። ለእማማ እንዳትነግራት፣ ታዝናለች።»

ልጄ መቼም ጓደኛ አያጣም እያልኩ ስንት ሌሊት ተጽናንቼ ተኝቻለሁ። እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፣ ሁለታችንም ለየብቻችን፣ አንዳችን ለሌላው ደህና እያልን።

«እኔ አሁን መውረድ አልችልም፣ ናሆሜ» አልኩ።

«አትወርድም። ትወጣለህ» አለ ቶሎ ብሎ። «ወደ ላይ የሚያወጣን ወንበር አለ፣ በገመድ የሚሄድ። ሁለት ሰው ይይዛል። ስኪ የሌለው ሰውም ይወጣበታል፣ በእሱው ይመለሳል። ከጎኔ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የማላውቀው ሰው ነው። እኔ አንዴ እወርዳለሁ፣ ከዚያ እንደገና አብረን እንወጣለን። መውጫው ረጅም ነው ባባ። ማውራት ይቻላል።»

እሺ አልኩት።

ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ወፍራም ካልሲዎቹን ከተትኩ። ጉልበቴ እንደ ልብ ይመታል። ያ ወንበር ላይ ስንቀመጥ መጀመሪያ ምን እንደምለው ግን እስካሁን አላወቅሁም።