ፍሪጁ ላይ የምንለጥፈው

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6
ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። አንገቴ ደርቋል። ቤት ስገባ ባሌ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዷል። ፍሪጁ ላይ፦ «ሾርባውን አሙቂው። ቧንቧውን ሠርቼዋለሁ። ናፍቀሽኛል።» ከሥሩ «አውቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው። እሱ ማታ ይጋግራል፣ እኔ ቀን እሰፋለሁ። በእረፍቱ ማታ እንኳ ሌላ ዳቦ ቤት ይሠራል። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንሳሳማለን። አንድ አልጋ አለን፣ በተራ የምንተኛበት። ይሄን ደብተር የጀመርኩትም ስገባ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8
ታናሽ እህቴ መጣች። መሥሪያ ቤቷ ባወጣው ዕጣ ገጠር ውስጥ የጥንዶች ጎጆ ደርሷታል፣ ለሦስት ቀን። «ከማን ጋር ልሂድ? ከድመቴ ጋር? ሂዱበት!» ፈቃድ ጠየቅን፣ ተፈቀደልን።

ፍሪጁ ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፦ «የቀን ፈረቃ ተከፍቷል። ከፈቃድ ስትመለስ መልስህን ንገረኝ ብሎኛል አለቃዬ። ምን ትያለሽ?»

መልስ አልጻፍኩም። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ፈራሁ እንጂ። በወረቀት እንዋደዳለን። በየቀኑ ፊት ለፊት ሲሆንስ? ብሰለቸውስ...

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10
ጎጆዋ ታምራለች። አንድ ክፍል፣ ሰፊ አልጋ፣ በመስኮቱ ወንዝ ይታያል። አልጋው ላይ አበባ በትነውበታል። እሱ አንድ በአንድ ለቅሞ ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ተቀመጥን።

«እሺ...» አለ።

«እሺ» አልኩ።

ከዚያስ? ተፋጥጠን ቁጭ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ጀምበር ሳትጠልቅ አንቀላፋ። እኔም ተገላገልኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11
የዛሬው ጉዳችን! ጠዋት እሱ ተኝቶ ነበር። ከልማድ «ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወንዝ ወርጃለሁ» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ስመለስ የለም። «በላሁ። ጫካ ነኝ።» ቀኑን ሙሉ እንዲህ! ለምሳ ስሄድ ጭራሽ ወረቀቱን ለጎጆዋ ባለቤት ለእማማ ሰጥቷቸው ሄዷል።

«ተጣልታችኋል እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ በስተርጅናዬ ፖስተኛ የምታደርጉኝ አፍ የላችሁም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 12
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። መውጫ የለም። እማማ ቁርስ አምጥተው «ዛሬ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው» ብለው ሳቁብን።

ከምሳ በኋላ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ተኝተሽ በብርሃን አይቼሽ አላውቅም ነበር... ጣቶችሽ ይሰፋሉ።»

«ምን?»

«በእንቅልፍሽ። ይሰፋሉ።»

አለቀስኩ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ሳያየኝ ተኝቻለሁ። ግራ ገብቶት ጸጉሬን ይደባብሳል። ያኔ ነገርኩት። የቀን ፈረቃ ከገባህ እንሰለቻቻለን ብዬ ፈርቻለሁ፣ አልኩት።

«እኔም።»

«አንተ ደግሞ ምን ያስፈራሃል?»

«ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ አስቤ ነው የምጽፈው። በአፌ ግን... ድንጋይ ነኝ።»

«ይሁን። ከድንጋዩ ጋር እኖራለሁ። እሺ በለው አለቃህን።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23
ዛሬ ጠዋት ተጣላን። ፊት ለፊት፣ በድምፅ። ለካ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ይጥላል!

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርገው?»

«ከድሮም። አንቺ እስክትመጪ ይደርቅ ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ንዴቴም አብሮት ሄደ። ፎጣውን ግን እሱው አነሳው።

ፍሪጁ ላይ ምንም የለም። አሁን ከወጥ ቤት ይጣራል፦ «ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ! ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው?» ድንጋዩ!

ላቁም። ሰው ይጠብቀኛል።