ሳይረከቡኝ ለቀሩት ለተከበሩ ሜትሮን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የነርሶች ኃላፊና የትምህርት ዕድል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤ ማለትም ላይኛው ፎቅ፣ አሳንሰሩ በሚሠራበት በኩል፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ሁሉም ደኅና ናቸው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ። እርስዎና እኔ በአንድ ቀን ተመርቀን፣ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን አልጋ ስንገፋ የኖርን እኩያሞች በመሆናችን፣ የእኔ ዕድሜ «ለትምህርት የገፋ ነው» ተብሎ በፊርማዎ ከተወሰነ ወዲህ የእርስዎ ዕድሜ እንደምን ሆኖ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከገፋው ዕድሜዬ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህንን ደብዳቤ እንደ ደንቡ በጸሐፊዎ በኩል ማስገባት ሲገባኝ በምግብ ቤቱ መግቢያ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የቀደሙት ማመልከቻዎቼ በጸሐፊዎ መሳቢያ ውስጥ በሰላም ስላረፉ ይኸኛውንም ከእነሱ ጋር ለመቅበር ልቤ አልጨክን ብሎኝ ነው። ቆመው ለሚያነቡት ባልደረቦቼም ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። የሕሙማንና የቤተሰብ የምክር አገልግሎት ትምህርት ለመማር ኮሌጅ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ከሆስፒታሉ የምፈልገው፣ በየዓመቱ ለሚማር ሠራተኛ የሚሰጠውን፣ የሥራ ቦታን የሚጠብቅ የትምህርት ፈቃድ ብቻ ነበር። ኮሚቴዎም ተሰብስቦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አይሆንም አለ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። በእኛ በውስጥ ደዌ ክፍል ማንም ያልጻፈው፣ ግን ሁሉም የሚፈራው አንድ የቆየ ሕግ እንዳለ እርስዎም አይዘነጉትም። ተራዋን የጨረሰች ነርስ፣ የምትተካት መጥታ በእያንዳንዱ አልጋ ግርጌ አብራት ቆማ፣ የሕመምተኛውን ነገር ሰምታ፣ የአልጋውን ብረት ይዛ «ተረክቤያለሁ» እስካላለቻት ድረስ ጋወኗን አታወልቅም። ቤቷ ቢቃጠል እንኳ አታወልቅም። እርስዎ መጀመሪያ ለትምህርት በሄዱ ጊዜ በር አጠገብ ያለውን አልጋ ብረት ይዘው «ክፍሉን ጠብቂልኝ፤ ስመለስ እኔ እረከብሻለሁ፣ አንቺ ትሄጃለሽ» ብለውኝ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልጄን ጡት አላስጣልኳትም፤ ቢሆንም የእርስዎንም ተራ ደርቤ ጠበቅሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲሄዱም ያንኑ ብረት ይዘው ያንኑ ቃል ደገሙልኝ፤ እኔም ያንኑ አመንኩ። ሲመለሱ ግን በክፍላችን በር ሳይሆን በአሳንሰሩ ገቡ። «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት አባቶች የኃላፊ ሥራ ምን ያህል እንደሚበዛ ስላላወቁ ነው ብዬ ለራሴ ሳስተባብልልዎ ከረምኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጊዜ አጠቃቀምዎ አመሰግናለሁ። ፈቃድ በጠየቅሁ ቁጥር «ያለ አንቺ ክፍሉ አይቆምም፤ ለከርሞ» ይሉኝ ነበር፤ ከርሞም ሌላ ከርሞ ይወልዳል፤ እንደ ውሃ እያሳሳቁ ወሰዱኝ። ደስ ይለኝም ነበር፤ ክፍል የሚያቆም ሰው መባልን ማን ይጠላል? ዘንድሮ ደግሞ ዕድሜዬ አልፏል አሉኝ። ክብርት ሆይ፣ «ያለ አንቺ አይሆንም» ከተባልኩበት እስከ «አርጅተሻል» ድረስ መሀል ላይ አንዲት ቀን እንኳ ጣል አድርገውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች ቀን ሮጬ ትምህርት ቤት እገባ ነበር። ያን ጊዜ መሮጥ እችል ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሽበቴ። ይኼኛው ትንሽ ይረዝማልና ወንበር ይሳቡ።

በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የውሃ ጆግ ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። ሕመምተኛ ሲያርፍ ቤተሰቡ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሐኪሞቹም ወደ እኔ መጥተው «ሲስተር፣ አንቺ ሽበት አለሽ፣ ሰው ይሰማሻል፤ ንገሪልን» ይሉኛል። እነግራለሁ። ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል፣ አንዳንድ ቀን አይሳካልኝም። ባለፈው የበጋ ወራት አንድ አናጢ እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ባለቤቱ «ነገ ስለምወጣ ጫማዬን አምጣልኝ» ብላው ስለነበር ጫማዋን በፌስታል ይዞ ነበር የመጣው። ነገርኩት። አላለቀሰም። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ለልጆቹ ምን ብዬ ነው የምገባው?» ሲል ጠየቀኝ። ውሃ ቀዳሁለት። ውሃውን ተቀብሎ አመስግኖኝ ሄደ፤ ምስጋናው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ለዚህ ነው መማር የፈለግሁት። ለዕድገትም፣ ለማዕረግም፣ ለግድግዳ ጌጥም አይደለም። እንደዚያ ያለ ጥያቄ መልስ እንዳለው፣ ከሌለውም እንዴት ዝም እንደሚባል የሚያስተምር ቦታ መኖሩን ስሰማ ልቤ ቆመ። ያው ሽበት መርዶ ለመንገር ሲበቃ ለመማር ግን የማይበቃበትን ምክንያት ኮሚቴዎ በሚቀጥለው ስብሰባው ቢያብራራልኝ እስከ መቃብር ባለውለታዎ ነኝ።

አራተኛ፤ ስለ አማራጩ አመሰግናለሁ። በመልስዎ ላይ «በሕሙማን ክፍል ያለው ሥራ ለአንጋፋ ነርሶች ጉልበት ከባድ መሆኑን እንገነዘባለን» ብለዋል፤ ለቀባሪው አረዱት ይሉታል ይህንን። ቀጥለውም በ«ሙያ ለውጥ» ፕሮግራማችሁ መሠረት ወደ አንሶላ መጋዘኑ እንድዛወር በጎ ፈቃድዎን ገልጸዋል። ሄጄ አየሁት። ክፍሉ ሰላማዊ ነው፣ አንሶላ አያቃስትም። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ስለሚነኩ ግን የሚሠራው መሰላል ላይ ወጥቶ ነው። ለጉልበቴ አዝነው መሰላል የሰጡኝ የመጀመሪያዋ ሰው እርስዎ ነዎት። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ብኖርም አንሶላ ተነጥፎለት ያየሁት ዘንድሮ ነው።

አምስተኛ፤ በእኔ ፋንታ ለምክር ትምህርቱ ፈቃዱን ስለሰጧት ልጅ። ልጅቷ አይፈረድባትም፤ ገና ወደ ሥራ መግባቷ ነው፣ ሳታመለክት ነው የተመረጠችው። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ መጥታ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ማዋለድ ነበር መማር የምፈልገው» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ከቢሮዎ የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ወርዶ ሁለታችንንም ቢጠይቀን ኖሮ አንዳችን ምክር፣ አንዳችን ማዋለድ እንማር ነበር። ግን ደረጃው ብዙ ነው።

ስድስተኛ ነበረኝ፤ ተውኩት። ስለ ባለቤቴ ልንገርዎ፤ እሱንም ያውቁታል፤ ሾፌር በነበረ ጊዜ ዝናብ ሲጥል ሁለታችንንም በአውቶቡሱ ቤታችን ድረስ ያደርሰን ነበር። ፈተናውን ያለፍኩ ዕለት «ተማሪ ማሳደግ በልጄ ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር» ብሎ ስቆ፣ የልጃችንን የድሮ መጻፊያ ጠረጴዛ እግሩን ጠግኖ በመስኮቱ አጠገብ አኖረልኝ። ልጄ ኮምፒዩተር ስታስተምረኝ በትዕግሥት ማጣት ትንጨረጨር ነበር፤ እኔ እሷን ፊደል ሳስቆጥር እንደነበርኩት። የኮሚቴው መልስ ሲመጣ ሦስታችንም ዞረን ያንን ጠረጴዛ አየን። ባለቤቴ ቀስ ብሎ «ማነው የፈረመው?» ሲል ጠየቀኝ። ስነግረው አላመነኝም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን አየ።

አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ? በመከልከሌ አይደለም፤ በሕይወቴ ብዙ ተከልክያለሁ። ሌላ ሰው ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ፣ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ያንን ፊርማ ግን በሕመምተኞች ካርድ ላይ ከእኔ ፊርማ ሥር ስንት ዘመን አየሁት፤ «ከእኔ በኋላ እሷ አለች» እያልኩ ተማምኜበት ቤቴ ገብቼ የተኛሁበት ፊርማ ነው።

በቢሮዎ በር ላይ «መማር ማብቂያ የለውም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ማብቂያውን አግኝቼዋለሁ፤ ከዚያ በር ወዲያ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ላበስርዎ የምወደው፣ መልቀቂያዬን ማስገባቴንና በኮሌጁ በራሴ መመዝገቤን ነው። ቦታ የሚጠብቅልኝ የለም፤ ተመልሼ የምገባበት በር እንደሌለም አውቃለሁ፤ ክፍሉን ትቼ መሄዱ እንደ ሞት ከብዶኛል። መዝጋቢው ግን ዕድሜዬን አንብቦ ቀና አለና «ወንበሮቻችን መደገፊያ አላቸው፣ እናቴ» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ ከዚህ ቤት አላገኘሁም።

በአንድ ብርድ ልብስ ሁለት ሕመምተኛ ስናለብስ የነበረበትን ዘመን የማልረሳ፣ ለእርስዎ ዕድገት በጉልበቴ ያዋጣሁ፣ ለእኔ ዕድገት በዕድሜዬ የተቀጣሁ፣ ሹመትዎ እንዲሰምር፣ አሳንሰርዎም እንዳይበላሽ ዘወትር የምመኝ፣

የቀድሞ ተረኛዎ፣
የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ዕድል ኮሚቴው አባላት በሙሉ፣
ለአንሶላ መጋዘኑ መሰላል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመጨረሻ ተራዬ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያበቃል፤ የሚተካኝ ሰውም እስካሁን አልተመደበም። ስለዚህ ቃል በገቡት መሠረት እርስዎ ራስዎ መጥተው እንዲረከቡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አልጋዎቹን አንድ በአንድ ከጨረስን በኋላ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ጠባብ ክፍል አስረክብዎታለሁ፤ ጆጉን ውሃ ሞልቼዋለሁ። እዚያ የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለ እርስዎ ይነግሩታል፤ በቀለም ቢሸፈንም ሽበትዎ ከእኔ አያንስም። አሳንሰሩ እኛ ፎቅ ላይ አይቆምም፣ የምትመጪው በደረጃ ነው። ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ አትቸኩይ። እኔ እንደሆንኩ ጋወኔን ሳላወልቅ አንቺን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።