በ«ጨውና ቀለበት» የተወኑት የወይዘሮ ዶርካስ ፔንፎልድ ሕይወት

ወይዘሮ ዶርካስ ፔንፎልድ ከአባታቸው ከመረብ ሠሪው ከአቶ ኤኖስ ተፐን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲላ ሃርውድ እ.ኤ.አ. በ1901 በዚሁ በሾርሃም ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው ኮፍያ ሰፊ ዘንድ ተቀጠሩ። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሪት ኬዝያ መስማት የተሳናቸውና ከንፈር አይተው ነገር የሚለዩ ስለነበሩ፣ ዶርካስም ፊት ለፊት ዞሮ ቃሉን በከንፈር ጥርት አድርጎ መናገርን ከልጅነታቸው ለመዱ።

በ1921 ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው ባለመስታወት የፊልም መቅረጫ ቤት ኮፍያ ሊያደርሱ ሄደው መልካቸው ተወደደ። «ጨውና ቀለበት» በተባለው ድምፅ አልባ ድራማም የዓሣ አጥማጅ ሙሽራ ሆነው ተወኑ። በፊልሙ ላይ የሚያፈቅራቸው ኦብሪ ላይል የሚባል ከለንደን የመጣ ሰው ነው። መልከ መልካም ነው ይሉት ነበር፤ ፀጉሩ ላይ ግን ቅባት ይበዛል።

ተዋንያኑን በጀልባ የሚያሻግሩት የዶርካስ እጮኛ ሩበን ፔንፎልድ ነበሩ። ያ ሰው እጮኛቸውን እንዲስም በየማለዳው ቀዝፈው የሚያደርሱት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ቀስ ብለው የሚቀዝፉት ቀረጻው ሳያልቅ እንዲመሽ ነው ተብሎ ተወርቷል። ሐሰት ነው፤ ወንዙ ኃይለኛ ነበር።

አንድ ቀን ሲመለሱ ሩበን «ስንቴ ሳመሽ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ዶርካስ «ካሜራው እስኪጠግብ!» ብለው መለሱ።

ፊልሙ በ1922 ሲታይ ከተማው በሙሉ ገባ። ሩበን ግን በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ወይዘሪት ኬዝያ እየሳቁ ወጥተው ያዩትን በእጃቸው ምልክት ነገሯቸው። በመጨረሻው መሳሳም ላይ የፊልሙ ጽሑፍ «እስከ ዘላለም ያንተ ነኝ» ቢልም፣ የዶርካስ ከንፈር ያለው ግን «ቶሎ ሳመኝና እንገላገል፤ የባሕሩ ውኃ ከዳር እየሸሸ ነው፣ ሩበንን ጀልባው ላይ ብርድ እየመታው ነው» ነው አሉ።

ሩበን አላመኑም። «እኅትሽ አይደለች? ትሸፍንልሻለች» አሉ።

ዶርካስ ተቆጡ። «እንግዲያው ግባና በዓይንህ እየው!»

«ብሞት አላየውም!»

በ1923 ተጋቡ። አምብሮዝንና ኦሊቭን ወለዱ። ዶርካስ የራሳቸውን የኮፍያ ሱቅ ከፍተው ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሠሩ፤ ሴቶቹ ግን ኮፍያ ከመለካታቸው በፊት ስለ ኦብሪ ላይል ይጠይቁ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የ«ጨውና ቀለበት» ቅጂዎች በውስጣቸው ያለው የብር ማዕድን እንዲወጣ ተሰብስበው ቀለጡ፤ የቀረው አንድ ቅጂም በእሳት ጠፋ። ወሬው የደረሰ ዕለት ባለቤታቸው መጠጥ ቤት ለተገኘው ሁሉ ቢራ ጋበዙ። ዶርካስ ራት ሳይበሉ ተኙ። የሃያ ዓመት ፊታቸው የሚታየው እዚያ ፊልም ላይ ብቻ ነበር።

በዚህ የብርድ ወራት የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ኦብሪ ላይል ወይን ይዞ ሆስፒታል መጣ፤ የሁለቱ ሳቅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ሲወጣ ባለቤታቸው ገብተው «ምን አለሽ?» አሉ።

«ዛሬም፣ ሩበን? ሰባ ዓመት ሞልቶህም?» አሉና ሲስቁ ሳል ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1968 ዐረፉ።

ወይዘሮ ዶርካስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከንፈራቸውን ያነበቡት ኬዝያ ቀድመዋቸው ዐርፈዋል፤ ፊልሙም የለም። ያን ቀን ፊት ለፊቷ ቆመው ቃሏን በጆሯቸው የሰሙት አቶ ኦብሪ ላይል ብቻ ቀርተዋል። አሁንም እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ፀጉራቸውም አልቋል።

አቶ ኦብሪ፣ ከቀብር በኋላ ቤታችን ለሻይ ይምጡ። አጠገቤ ይቀመጡና ምን እንዳለችዎ ይንገሩኝ። ኬዝያ ከነገረችኝ ሌላ ቢሆንም እሰማለሁ።

የዶርካስን ነፍስ ዛሬ የሚያሻግራት እግዚአብሔር ነው። በሰላም ያድርሳት፤ ግን ቀስ ብሎ ይቅዘፍ፣ እኔም እየመጣሁ ነው።