የጠርሙስ ፋብሪካው ቻርት

ጥር 4

የሳሎኑን መጋረጃ አጠብኩ። ሰቅዬ ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ መጣ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሊቀመንበር ያደረገው የለም፤ እኔው ነኝ የሾምኩት፣ እዚህ ደብተር ላይ። ፊት ለፊት "ጋሼ" እና "እርስዎ" ነው። እዚህ "እሱ" ብዬ ብጽፍ ማን ይሰማኛል?

ነገሩ ያው የአክሲዮኑ ነገር። አባታቸው ዕድሜ ልኩን ከሠራበት ጠርሙስ ፋብሪካ ያገኘውን አክሲዮን ለሁለቱ ወንድማማቾች እኩል አውርሶ ሞተ። ሊቀመንበሩ የራሱን ድርሻ የዛሬ ሁለት ዓመት ሸጦ ተገላገለ። ባለቤቴ አምና ሲሞት የእሱ ድርሻ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ውክልና ፈርሚልኝ ይላል። ባገኘው ዋጋ ሊሸጥልኝ።

"የሞተ አክሲዮን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብሻል" አለኝ።

"እስቲ እኔም ልየው።"

"ምኑን?"

"ገበያውን።"

ሳቀ። "ይሄ እኮ ቻርት ማንበብ ይፈልጋል፣ ሲስተር። የባለሙያ ሥራ ነው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ለነበረች ሴት... ቻርት አታነቢም ይባላል? የካቲት 1 ወረቀቱን ይዞ ይመጣል።

ጥር 5

ንዴቴ አልበረደም። የስንቱን በሽተኛ ትኩሳት፣ የስንቱን የልብ ምት ነጥብ በነጥብ ያሰፈርኩ ሰው ነኝ። በቀን ተረኛ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሌሊት ተረኛ ቀይ። ዶክተሮቹ ሲመጡ የሚያነቡት እኔ የጻፍኩትን ነበር። ታዲያ ባለሙያ ማን ነው?

ልጄ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አጎቴ ያውቃል። ፈርሚለትና ተገላገይ።"

"መቼ አይቶት ነው የሚያውቀው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ..."

"እንግዲያው እናንተ ጋ ቢሮ ሰዎቹ የአክሲዮን ዋጋ የሚያዩበትን ፕሮግራም ስሙን ንገሪኝ።"

እያንገራገረች ነገረችኝ። ሠላሳ ቀን በነጻ ይሞከራል አለች። ለእኔ ሠላሳ ቀን መቼ አነሰኝ?

ጥር 7

የባለቤቴን ላፕቶፕ አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩ። ፕሮግራሙን አወረድኩ። መጫኑ ቀላል ይመስላል፤ "ቀጥል" ይላል፣ ትጫኛለሽ፣ እንደገና "ቀጥል" ይላል። መሀል ላይ ረጅም ውል መጣ፣ ከሥሩ "እስማማለሁ" የሚል። ሰው ሁሉ ሳያነብ ይጫነዋል አሉ። እኔ ሁሉንም አነበብኩ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። ሳላነብ አልስማማም፣ ሊቀመንበሩም ይህን ይወቀው።

ከዚያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተርዎን ሊጎዳ ይችላል፣ ይቀጥሉ? እቀጥላለሁ። እስካሁን የጎዳኝ ኮምፒውተር የለም።

ዘጠና ስምንት በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ልብስ አጣጥፌ መጣሁ፣ ያው ዘጠና ስምንት። ሰዓት ሙሉ ገተረኝ። በመጨረሻ ላፕቶፑ ይጥፋና እንደገና ይነሳ አለ። ጠፋ፣ ተነሳ። ከፈትኩት... ጥቁር ባዶ ገጽ። ይህ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነው?

ጥር 8

እንደገና ከፈትኩት። ባዶ ነው። እሱም አልሞላ፣ እኔም አልተውኩ።

ጥር 11

ገባኝ። ፕሮግራሙ ለብቻው ምንም አያውቅም፤ ዋጋውን ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ማዘዝ አለብሽ፣ የምትፈልጊውን ድርጅት ኮድ መንገር አለብሽ። አራት ፊደል ነው። ለመለማመጃ ያስቀመጡትን አንድ ድርጅት ከፈትኩ።

ደነገጥኩ። አራት ቀን በተከታታይ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። ይህ በሽተኛ እየነደደ ዶክተር የሚጠራ ጠፋ? እጄ ደወል ሊፈልግ ምንም አልቀረው። በአምስተኛው ቀን ትንሽ ወረደ። "ተመስገን፣ በረደለት" አልኩ ጮክ ብዬ።

ለካ እዚህ መውጣት ጤና ነው። በረደለት ያልኩት ሰው ገንዘቡን አጥቷል። ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሌላው ነገር ሥዕሉ ነው። ነጥብ አይደለም የሚሠራው፤ አረንጓዴና ቀይ ድፍን ሣጥኖች፣ ከላይም ከታችም ክር ያላቸው። ሻማ ይሏቸዋል። ሻማውን ጠላሁት። ስጎረጉር ስጎረጉር መቀየሪያውን አገኘሁ። ነጥብ በነጥብ፣ በመስመር የተያያዘ፣ ቀለሙ ሰማያዊ። ይኸው የማውቀው ቻርት።

ጥር 13

የጠርሙስ ፋብሪካውን ኮድ ከአክሲዮኑ ወረቀት ላይ ገልብጬ አስገባሁ።

ቀጥ ያለ መስመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ የለም። የእኔም ልብ አብሮ ቀጥ አለ።

ሊቀመንበሩ ልክ ነበር ማለት ነው። ሞቷል። ዘጋሁት።

ጥር 14

ሊቀመንበሩ ደወለ። ማየቴን ነገርኩት፣ ምን ልደብቅ?

"ታዲያ አላልኩሽም? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ልፈርም ይሆን? ባለቤቴ ሽጪው ብሎኝ አያውቅም። ያዢው ብሎኝም አያውቅም...

ጥር 16

ቆይ። ቆይ እስቲ።

ዕቃ እያጠብኩ ነው የመጣልኝ። አዲስ ነርስ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የማስተምራት ይህንን ነበር። "ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ቀጥ ካለ ከመጮህሽ በፊት ሽቦውን እዪ። ከዚያ በሽተኛውን ንኪ።" ስንቴ ነው በሽተኛው ሲገላበጥ ሽቦው ወልቆ ግቢው የታመሰው? ሰውዬው ቁጭ ብሎ ውሃ ስጡኝ ይላል፣ እኛ ሞተ ብለን እንሯሯጣለን።

እጄን ሳላደርቅ ላፕቶፑ ጋ ሄድኩ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ መለስኩት። እስከ አንድ ሐሙስ ድረስ ከፍ ዝቅ እያለ በሰላም ይሄዳል። ዓርብ ቀጥ። ሲደክም አይታይ፣ ሲያጣጥር አይታይ። እንዲህ የሚሞት የለም። ከሥር ደግሞ በየቀኑ ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ የሚያሳይ አጫጭር ዘንግ አለ። ከዚያች ዓርብ ወዲህ አንድም ዘንግ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልሸጠም፣ አልገዛም?

ሽቦ ወልቋል። አንድ ቦታ ሽቦ ወልቋል።

ጥር 17

አክሲዮን የሚያገበያዩት ቢሮ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ሙዚቃ አሰምተው ዘጉብኝ። በአራተኛው አንዲት ሴት አነሳች።

"እናቴ፣ ይሄ ኮድ እኮ አሁን የለም።"

"እንዴት አይኖርም? ወረቀቴ ላይ አለ።"

"ፋብሪካው ከመስታወት ፋብሪካው ጋር ተዋሕዷል፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስሙም ኮዱም ተቀየረ። የእርስዎ አክሲዮን በአዲሱ ስም ተመዝግቦ ይታየኛል።"

"ሞቷል ተብዬ ነበር።"

"ማነው ያለው?" አለች። አልነገርኳትም፣ የቤት ገመና ነው።

አዲሶቹን አራት ፊደሎች ነገረችኝ። ጻፍኩ፣ መልሼ አነበብኩላት፣ እሷም እንድትደግመው አደረግኩ። የመድኃኒት ትእዛዝ በስልክ ስንቀበል እንደዚያ ነበር። አስገባሁት።

መስመሩ መጣ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይተነፍሳል። ዋጋው ኮዱ በተቀየረበት ቀን ከነበረው በላይ ነው፣ በብዙ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና "የባለሙያ ሥራ ነው" አልኩ፣ በሊቀመንበሩ ድምፅ።

ጥር 22

ወረደ። ፈራሁ። ልጄ ሰሞኑን ምን እየሠራሽ ነው ስትለኝ በሽተኛ እጠብቃለሁ አልኳት።

ጥር 24

ትንሽ ወጣ። በየቀኑ ጠዋት አንዴ ብቻ ነው የማየው። በየደቂቃው ቴርሞሜትር የሚያስገባ ነርስ በሽተኛውን ያስመርራል እንጂ አያድንም።

የካቲት 1

መጣ። ወረቀት ይዞ፣ እስክሪብቶ እንኳ ከራሱ ይዞ። ልጄም መጥታ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እኔ ላፕቶፑን አምጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቻርት ነው፣ ጋሼ።"

"የማን?"

"የጠርሙስ ፋብሪካው።"

መነጽሩን አደረገ። "እሱማ ሞቷል።"

"እርስዎ ሲያዩት ሽቦው ወልቆ ነበር።"

አስረዳሁት። ውሕደቱን፣ የኮዱን መቀየር፣ ሁሉንም በጣቴ እያሳየሁ። እስክጨርስ ሰማኝ፣ ይህም ብርቅ ነው። ከዚያ "የተቀየረው መቼ ነው ያልሽኝ?" አለ። ቀኑን አሳየሁት። ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። የራሱን ድርሻ የሸጠው ከዚያ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ደላላ የድሮውን ኮድ አሳይቶት፣ ሞቷል ብሎት፣ እንደ ተራ ወረቀት በርካሽ ወሰደበት፤ እያጉተመተመ ነገረን።

አሃ። ያኔ ገባኝ። የእኔም ተሸጦ ካለቀ የእሱ መሸጥ ብልጠት ሆኖ ይቀራል። የእኔ ቆሞ ከሄደ ግን በየቀኑ ሲያመው ሊኖር ነው። አሳዘነኝ፣ የእውነቴን ነው። ግን ሰው አሳዘነኝ ተብሎ አይፈረምም።

"አልፈርምም፣ ጋሼ።"

"ነገ ቢወድቅስ?"

"ቢወድቅ፣ ሲወድቅ የማየው እኔ ነኝ።"

"ሴትዮ፣ ገበያ እኮ ሆስፒታል አይደለም።"

"አውቃለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ሳያዩ ሞተ አይባልም።"

ወረቀቱን ከላፕቶፑ ሥር ስቦ አወጣ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ሳይሰናበተኝ ወጣ። ልጄ ኩሽና ተከትላኝ ገባች። "እማዬ፣ ትንሽ አላበዛሽውም?" ሠላሳ አንድ ዓመት አሳንሼው ነው የኖርኩት አልኳት።

የካቲት 7

የነጻው ጊዜ አለቀ። ከጡረታዬ ከፈልኩ። ማንንም አላማከርኩም።

የካቲት 14

ሦስት ቀን በተከታታይ ወረደ። የዛሬው ባሰ። አልሸጥኩም። ውሕደቱ ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለ መውረድ ሁለቴ አጋጥሞታል፣ ሁለቴም ተነስቷል። ሦስተኛው ላይነሳ ይችላል። አውቄ ነው የተቀመጥኩት።

ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ። ሊቀመንበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ነበር።

"አየሽው?"

"ጠዋት አየሁት።"

አላልኩሽም እስኪለኝ ጠበቅኩ። መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ደህና አድርጎ የሚያቃጥል። አላለም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እና... ምን ይመስልሻል?"

ሃያ ስምንት ዓመት የዚህ ቤተሰብ ምራት ሆኛለሁ። ግፊቴን ለኪልኝ ብሎኛል። መርፌዬን ውጊኝ ብሎኛል። ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

ያዘጋጀሁትን መልስ ዋጥኩት። ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ ሳብኩና ከሰኞ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኩት።