ጋሽ ወልዴ የፈተጉት ጠገራ ብር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ነገሩ የተበላሸው አጎቴ ጋሽ ወልዴ አንዱን ጠገራ ብር ከሳህኑ አንስተው በአመድና በአሸዋ መፈተግ ሲጀምሩ ነው።

ሰባቱን ብሮች ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት፣ ጓሯችን ውስጥ እንሰት ልተክል ስቆፍር። ዛሬ ሳህን ውስጥ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፌ ጭቃውን በጨርቅ እያስለቀቅሁ ነበር። ብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ፊት ገና ብቅ ማለቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይተዉት፤ ፊቷ ይፋቃል» አልኳቸው።

«ድስት አጥበሽ አታውቂም? ዲግሪሽ ይህን አላስተማረሽም?» ብለው ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች።

ብሩ አብረቀረቀ፤ ፊቱ ግን ጠፋ። ቀጥለው ሁሉንም በመሀረባቸው ቋጠሩ። «የሟች ወንድሜ፣ የአባትሽ፣ መሬት ያወጣው የቤተሰቡ ነው። አንቺ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ።»

አልጮህኩም። መሀረቡን ፈትቼ ስድስቱን ወደ ሳህኑ መለስኩ፤ የተፈተገውን ብቻ ተውኩላቸው። «ይሄ የእጅዎ ሥራ ነው፤ ይውሰዱት» አልኩ።

ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። እናቴ እስካሁን አላናገረችኝም። ስድስቱን ቀስ ብዬ አጥቤ ጨረስኩ።

አንድ ቀን አገባ ይሆናል። ገና ያላገባሁትን ባል ምክንያት አድርጎ በእጄ ያለውን የሚወስድብኝን ግን፣ አጎቴም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።