ለወንዶቹ ብልቃጥ፣ ለሴቶቹ አልጋ

ለክቡር ዶክተር ልዑልሰገድ
የለም ሸለቆ የሥነ ተዋልዶ ጤና ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ውድ ቤተሰብዎንም፣ የቢሮዎን አየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ስሜ ተሻለች አብተው ይባላል፤ የዓለም ጤና ከተማ ነዋሪና የሽንኩርት ገበሬው የምልኬሳ ሚስት ነኝ። እስከ እሑድ ድረስ ማለቴ ነው። እሑድ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀምጠው፣ ማዕከልዎ ባወጣው የጥናት ውጤት መሠረት፣ ባለቤቴ ልጅ የምትወልድለት ሌላ ሴት እንዲያገባ ይመክራሉ። ሳይንስን ቤታችን ድረስ ስላመጡልን እናመሰግናለን።

በጋዜጣ የጻፍኩት ለድፍረት አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለች ስለመለሰችኝ ነው። ስብሰባው እስካሁን ካላለቀ እግዚአብሔር ይርዳዎ። አቤቱታዬ እንዳያሰለችዎ በቁጥር ለያይቼዋለሁ።

አንደኛ፦ ማዕከልዎ በመስኖ አትክልት አካባቢ ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስቶችን ላጥና ብሎ ሲነሣ፣ እኛ ሴቶቹ በመኪና ተጭነን፣ ሞጆ ላይ በከባድ መኪናዎች ሰልፍ መሐል ፀሐይ ስንጠጣ ውለን፣ አዳማ ደረስን። ልብሳችንን አውልቀን ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ተጋደምን፤ ስማቸውን ያልነገሩን ተማሪዎች ከበው አዩን፤ ማህፀናችን ውስጥ ቀለም እየተረጨ ራጅ ተነሣን። ከሕመሙ የተነሣ እንባዬ ሲወርድ አንደኛው ሐኪም አይዞሽ፣ ለዕውቀት ነው አለኝ። ባሎቻችን ግን የተከበሩ ሰዎች ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው ብልቃጥ ታደላቸው፤ የዘር ፈሳሻቸውን በተመቻቸው ቦታ ሞልተው ቀበሌ ግቢ ውስጥ ለተተከለው ድንኳን እንዲያስረክቡ ተነገራቸው። ማን እንደሞላው ያየ የለም። ለወንድ ልጅ ክብር ይህን ያህል መጨነቅዎ ያስመሰግንዎታል።

ሁለተኛ፦ ድንኳኑ ከተተከለበት ግቢ አጥር ጀርባ አቶ መርዳሳ የሚባሉ ጎረቤታችን ይኖራሉ። የስምንት ልጆች አባት ናቸው፤ የመጨረሻዋ ገና ትድሃለች። በጥናቱ ሰሞን እኚህ ሰው በዕድሜያቸው አይተውት የማያውቁት ግብዣ ወረደላቸው። ዛሬ አንዱ ጥብስ፣ ነገ ሌላው ማርና እንቁላል ይዞ ብቅ ይላል፤ የሚመጡት ሁሉ ደግሞ ልጅ ያላገኙ ወንዶች ናቸው። የእኔው ምልኬሳም ዶሮ አርዶ ወስዷል። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘርፉ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ ያን ሳምንት ባሌ እንደ ድልብ በሬ ተቀለበ፣ እኔን ግን ከጓዳ እያስወጣ በር ሲዘጋብኝ ከረመ ብላ እየሳቀች አወራችልን። ሌሎቹ ሴቶች አብረዋት ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ነጋዴ ሽንኩርታችንን ሲመዝን ከሚዛኑ ሥር ጎንበስ ብዬ የማይ ሰው ነኝና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሦስተኛ፦ የጥናታችሁ ውጤት የአካባቢያችን ወንዶች ናሙና መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ጥራቱ እጅግ ከፍተኛ፣ ከሰው ሰውም አስገራሚ ተመሳሳይነት ያለው ነው ይላል። ክቡር ዶክተር፣ የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም። መጠኑስ ለምን አነሰ? አንድ ሰው ለስንት ብልቃጥ ይዳረሳል? ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ አለመጠርጠሩ የልባችሁን ንጽሕና ያሳያል።

አራተኛ፦ ምልኬሳ መርጫውን አዝሎ፣ አፍንጫውን በምንም ሳይሸፍን፣ ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ዓመታት አልፈዋል። ሸሚዙን ሳጥብለት እጄን ያቃጥለኛል። ማዕከልዎ ግን እነዚያን ብልቃጦች አይቶ፣ ኬሚካሉ በወንዶች ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም ብሎ ደመደመ። በጥናቱ ማጠቃለያ ለባሎቻችን የታደለው ቆብ ላይ የፀረ ተባይ አስመጪ ድርጅት ምልክት ምን እንደሚሠራ ብጠይቅ ነገር ፈላጊ ስለምባል አልጠይቅም። ቆቡ ከፀሐይ ያስጥላል፤ እግዜር ይስጥልን።

አምስተኛ፣ እሱም የመጨረሻው፦ የእኔ ውጤት ማህፀኗ ጤነኛ ነው፣ ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው፣ እንቁላሏም በወቅቱ ይወጣል ይላል። ይሁንና ባልየው እንከን ስላልተገኘበት፣ ችግሩ ምክንያቱ ያልታወቀ የሴት መካንነት ነው ተባለ። ይህ ከተነበበላቸው ወዲህ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እያሉ ያቀብጡኝ የነበሩት አማቴ በስሜም አይጠሩኝም። ምልኬሳ ዓይኔን ማየት ትቷል። እወደዋለሁ፤ በጣምም ተናድጄበታለሁ። እኔ እዚያ አልጋ ላይ የተጋደምኩት የእሱን ልጅ ፈልጌ ነው፤ እሱ ግን ለእኔ ሲል አንዲት ብልቃጥ ደፍሮ መሙላት አቃተው።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ከእሑድ በፊት ባለቤቴን አዳማ ያስጠሩልኝ፤ በራሳችሁ ክፍል፣ የእናንተ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ናሙናውን እንደገና ይስጥ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ሻንጣዬን ራሴ እሸክፋለሁ። የእሱ ከሆነ ደግሞ የትም አልሄድም፤ መርጫውን ከጀርባው አውርደን እናሳክመዋለን።

ለሳይንስ ዕድገት ገላዋን ያበደረች፣ የጥናቱን ምስጢር ግን ወፍጮ ቤት የሰማች፣ የማዕከልዎ የዘወትር አድናቂና ታዛዥ፣

ተሻለች አብተው
ዓለም ጤና

የተረሳ ነገር፦ ለምልኬሳ የታጨችው ልጅ ሃዊ ትባላለች። ገና ልጅ ናት፤ ክፋትም የለባትም። ይህ ደብዳቤ መልስ ካላገኘ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷም አዳማ መጥታ በዚያው አልጋ ላይ ተጋድማ ስታለቅስ ያገኟታል። እባክዎ ያን ጊዜ አይዞሽ፣ ለዕውቀት ነው አትበሏት። ለባሏ የሚሰጠውን ብልቃጥ ግን አታዘግዩት፤ አቶ መርዳሳ እያረጁ ነው።